የሰብል ዋስትና በትጥቅ ግጭት፦ ከሐርሲሌ እስከ ፎገራ ሜዳ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄደው አስፋልት ሐሙሲትን አቋርጦ የጉማራን ድልድይ ይሻገርና ወረታ ላይ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ አዲስ ዘመንና ጎንደር ይቀጥላል፤ ሌላው በደብረ ታቦርና በጋይንት በኩል ወደ ወልድያ ይወጣል። በዙሪያው የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ በክረምት ሩዝ፣ ውኃው ሲሸሽ ጓያና ሽምብራ ያበቅላል። በበጋ ደግሞ ከጉማራና ከርብ ወንዞች በሞተር በሚሳብ ውኃ ሽንኩርትና ቲማቲም ይለማበታል። ሩዙ በደርግ ዘመን በጅግናና በሻጋ የገበሬ ማኅበራት ተሞክሮ የተስፋፋ ሲሆን ዛሬ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ያለውም ወረታ ነው። ጦር የሚንቀሳቀስበትም ሽንኩርት የሚጫንበትም መንገድ ግን ይኸው አንዱ ነው።

በአማራ ክልል ስላለፉትና ስላሉት ግጭቶች ሲጻፍ በቅድሚያ የሚነሳው ግድያና ጾታዊ ጥቃት ነው፤ ተገቢም ነው። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. መርዓዊ ከተማ ውስጥ ቢያንስ 45 ሰላማዊ ሰዎች በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች መገደላቸውን አረጋግጧል። አምነስቲ ኢንተርናሽናል ደግሞ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. እዚሁ ደቡብ ጎንደር፣ ነፋስ መውጫ ላይ፣ በሕወሓት ተዋጊዎች ተደፈርን ያሉ 16 ሴቶችን ቃል መዝግቧል። በእነዚህ ድርጊቶች ሕገ ወጥነት ላይ የሕግ ሊቅ የሚጨምረው እምብዛም የለም። አራቱ የጄኔቫ ስምምነቶች የሚጋሩት አንቀጽ 3 የሚከለክላቸው ግጭቱ የቱንም ስያሜ ቢይዝ ነው። አስቸጋሪው ማንም ያልተኮሰበት፣ ግን የዓመት ልፋቱ የጠፋበት ገበሬ ጉዳይ ነው። የዚህ መጣጥፍ ክርክር ለእሱ የሚሆን ሕግ ከጄኔቫ ይልቅ በራሳችን የወንጀል ሕግ ውስጥ ሰፋ ብሎ ተጽፎ ይገኛል የሚል ነው።

መጀመሪያ የትኛው ሕግ እንደሚገዛ እንይ። መንግሥት በ2013 ዓ.ም. የትግራዩን ጦርነት «የሕግ ማስከበር ዘመቻ» ብሎ ጀመረው፤ የአማራ ክልሉንም ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ባወጣው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የሰላምና የጸጥታ ችግር አድርጎ አቀረበው። ሕጉ ግን የሚመዝነው ስያሜውን አይደለም። ለቀድሞዋ ዩጎዝላቪያ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት በታዲች ጉዳይ ካስቀመጠው መለኪያ ወዲህ የሚታየው የውጊያው ጥንካሬና የታጣቂው ወገን አደረጃጀት ነው። በጦር አውሮፕላንና በድሮን የሚታገዝ፣ ከዓመት ዓመት የተሻገረ ውጊያ የመጀመሪያውን መስፈርት እንደሚያሟላ አያከራክርም። ሁለተኛው ግን መንግሥትን የሚወጉት ታጣቂዎች የሚጠሩበት ፋኖ የሚለው ስም ብዙ ቡድኖችን ስለሚያቅፍ በየቡድኑ መታየት አለበት። ኢትዮጵያ በ1986 ዓ.ም. የተቀበለችው የጄኔቫ ስምምነቶች ሁለተኛው ተጨማሪ ፕሮቶኮል ከዚህም በላይ ይጠይቃል፤ ታጣቂው በኃላፊ አዛዥ ሥር ሆኖ ተከታታይና የተቀናጀ ውጊያ ማድረግ የሚያስችለውን ያህል መሬት መቆጣጠር አለበት። ይህ ደረጃ በአንድ ወረዳ ተሟልቶ በሌላው ሊጎድል ይችላል።

ሰብልን በስም ጠቅሶ የሚጠብቀው የዚህ ፕሮቶኮል አንቀጽ 14 ነው። ሰላማዊውን ሕዝብ ማስራብን የውጊያ ስልት ማድረግ ይከለክላል፤ ለዚህ ዓላማ ሲባል ምግብን፣ የእርሻ ቦታን፣ ሰብልን፣ ከብትን፣ የመጠጥ ውኃንና መስኖን ማጥቃት፣ ማውደም፣ ማንሳት ወይም ከጥቅም ውጭ ማድረግም ክልክል ነው። ዝርዝሩ የፎገራን ሜዳ እያየ የተጻፈ ይመስላል። ችግሩ ያለው «ለዚህ ዓላማ ሲባል» በሚለው ላይ ነው። መንገድ የሚዘጋ ታጣቂም ሆነ እንቅስቃሴ የሚያግድ አዛዥ የጠላቱን ጦር ለማስቆም እንጂ ገበሬ ለማስራብ እንዳልዘጋ ይናገራል። ብዙ ጊዜም እውነቱን ነው። መንገዱና ድልድዩ ጦር ሲተላለፍባቸው ወታደራዊ ዒላማ ሊሆኑ ስለሚችሉ መዝጋቱ በራሱ ጥፋት ላይሆን ይችላል። ሽንኩርት ግን ወር አይጠብቅም። ስለዚህ ፕሮቶኮሉ የተቃጠለውን ማሳ ያያል፣ መኪና አጥቶ የበሰበሰውን ክምር ግን አያይም። ማዳበሪያ በሰዓቱ ባለመድረሱ ያልተዘራውንማ ጭራሽ አያስበውም።

ይህ «ዓላማ» የሚባል መስፈርት በእኛው ጦርነት ጉዳይ በፍርድ መፈተኑ በኢትዮጵያ የሕግ ትምህርት ቤቶች ከሚነገረው በላይ ሊነገር ይገባው ነበር። በአልጀርሱ ስምምነት የተቋቋመው የኤርትራ–ኢትዮጵያ የካሳ ኮሚሽን በታኅሣሥ 1998 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ የኢትዮጵያ አየር ኃይል ለአሰብ ከተማ ውኃ የሚሰጠውን የሐርሲሌን የውኃ ማጠራቀሚያ መደብደቡን ሕገ ወጥ ብሎታል። ኤርትራ ለአገሮች ጦርነት የተጻፈው የመጀመሪያው ተጨማሪ ፕሮቶኮል አባል ስላልነበረች ኮሚሽኑ ተመሳሳዩን ክልከላ የያዘውን የዚያን ፕሮቶኮል አንቀጽ 54 የልማድ ሕግ አድርጎ ነው የሠራበት። ለኛ ጉዳይ የሚጠቅመው አመክንዮው ነው። የተጻፈ የማስራብ ወይም የማስጠማት ትእዛዝ አልተፈለገም። ማጠራቀሚያው ማንን እንደሚያጠጣ ደብዳቢው ያውቅ ነበር፤ ዓላማው ከዚህ ዕውቀት ተወሰደ። በ1997 ዓ.ም. የታተመው የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ የልማድ ሕግ ጥናትም 54ኛው ደንቡ ላይ «ለዚህ ዓላማ ሲባል» የሚለውን ቅድመ ሁኔታ ከጽሑፉ አውጥቶታል።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ ከሁለቱም ይሰፋል። በሰላማዊው ሕዝብ ላይ የሚፈጸሙ የጦር ወንጀሎችን የሚዘረዝረው አንቀጽ 270 ምግብን፣ የእርሻ ቦታን፣ ሰብልን፣ ከብትን፣ የመስኖ ሥራን፣ ጤና ጣቢያንና ትምህርት ቤትን መውረስን፣ ማውደምን፣ መውሰድንና ከጥቅም ውጭ ማድረግን ያስቀጣል። ቅጣቱ ከአምስት እስከ ሃያ አምስት ዓመት፣ ከባድ ሲሆንም እስከ ዕድሜ ልክና ሞት ይደርሳል። የማስራብ ዓላማ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። የውስጥም የውጭም ግጭት ብሎ አይለይም። ስለ መሬት ቁጥጥር አይጠይቅም። ፕሮቶኮሉ በአንድ ወረዳ ይሠራል፣ በሌላው አይሠራም የሚለው ሙግት እዚህ ጋ ዋጋ ያጣል።

ተቃራኒ ክርክር አለ፤ ጠንካራም ነው። የአንቀጹ መግቢያ ድርጊቱ «የዓለም አቀፍ ሕግንና የሰብአዊነት ስምምነቶችን በመጣስ» የተፈጸመ እንዲሆን ይጠይቃል። እንግዲህ በበር ያስወጣነው የዓላማ መስፈርት በመስኮት ይመለሳል ማለት ነው። እኔ ግን በዚህ ንባብ አልስማማም። መግቢያው የሚመልሰን ወደ አንቀጽ 14 ብቻ ሳይሆን ወደ ልማድ ሕጉም ነው፤ ዝርፊያን ወደሚከለክለው ደንብ፣ የሰላማዊ ሰዎች ጉዳት ከሚጠበቀው ወታደራዊ ጥቅም ጋር እንዲመዛዘን ወደሚያዘው የተመጣጣኝነት ደንብ፣ ቅድመ ጥንቃቄን ወደሚያስገድደው ደንብ። እርግጥ ተመጣጣኝነት የተነደፈው ለጥቃት እንጂ ለመንገድ መዝጋት አይደለም። ቢሆንም ከነዚህ አንዱ ተጥሶ ሰብል ከጥቅም ውጭ ከሆነ የማስራብ ዓላማ ባይረጋገጥም አንቀጽ 270 ሊያስከስስ ይገባል።

ዝርፊያው ለዚህ አገር አዲስ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በመጀመሪያ ዘመናቸው ወታደሩ በባላገር ጎተራ እንዳይቀለብ ደመወዝ ሊያቆሙለት ሞክረው ነበር። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ደብረ ታቦር ተቀምጠው በጌምድርን ያስዘረፉትም እሳቸው ናቸው። ቀለብ በግድ የሚወስድ ሠራዊት፣ የመንግሥትም ይሁን የታጣቂ፣ ዛሬም የሚጠየቅበት ሕግ በቀላሉ ይገኛል።

ሌላው ሳይነሳ የማይታለፍ ጉዳይ የማሳ ጠባቂው ነው። በደቡብ ጎንደር ገጠር ጠመንጃ የቤት ዕቃ ነው፤ ሞተሩን ወይም የተነቀለውን ሽንኩርት ሌሊት የሚጠብቅ ሰው ይዞት ያድራል። ጠመንጃ መያዝ ብቻውን በውጊያ ቀጥተኛ ተሳትፎ አይሆንም። በጥርጣሬ ጊዜ ሰውየው ሰላማዊ ነው ተብሎ እንዲታሰብ፣ የተጻፈው ለአገሮች ጦርነት ቢሆንም፣ የመጀመሪያው ፕሮቶኮል አንቀጽ 50 ያዛል። ከላይ በካሜራ ለሚመለከት የድሮን አብራሪ ይህን መለየት ከባድ መሆኑ የሚያከብደው የአብራሪውን የማጣራት ግዴታ ነው።

የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ልዩ ዐቃቤ ሕግና ልዩ ፍርድ ቤት እንዲቋቋሙ ያስባል። የክርክሩ ትኩረት የወንጀል ሕጋችን በሰብአዊነት ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎችን ባለመደንገጉ ላይ ሆኗል፤ ክፍተቱ እውነተኛ ነው። ሰብልን በተመለከተ ግን ሕጉ አለ፤ የጎደለው ማስረጃው ነው። በሐርሲሌው አመክንዮ ከሄድን ማረጋገጥ የሚያስፈልገው አዛዡ ምን ያውቅ እንደነበር ነው። ሽንኩርቱ የሚነሳበትን ወር በሜዳው የሰፈረ አዛዥ ሁሉ ያውቃል። መንገዱ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን ተዘጋ፣ ማን አዘዘ፣ የምግብና የማዳበሪያ ጭነት ይለፍ ተብሎ ተጠይቆ ነበር ወይ፣ መልሱስ ምን ነበር የሚሉት ከወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች፣ ከኅብረት ሥራ ዩኒየኖችና ከጭነት ማኅበራት መዝገብ ሊገኙ ይችላሉ። ልዩ ዐቃቤ ሕጉ እስኪሾም ሳይጠበቅ የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽኑና የሕግ ትምህርት ቤቶች አሁኑኑ ሊሰበስቧቸው ይገባል።