የስልክ ንጽሕና ታሪክ፦ ከባቡር ጣቢያ እስከ ሕሙማን ክፍል

በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. የኮሮና ቫይረስ በሽታ በኢትዮጵያ መገኘቱ ከተረጋገጠ በኋላ፣ በሞጆ ደረቅ ወደብ ወረፋ የሚጠብቅ የጭነት መኪና ሾፌርም ሆነ በከተማው ጤና ተቋም ተረኛ የሆነች ነርስ ስልክ በደወሉ ቁጥር በተለመደው የጥሪ ድምፅ ፋንታ የሚሰሙት ስለ በሽታው መከላከያ የሚመክር መልእክት ነበር። ኢትዮ ቴሌኮም የጥሪውን ድምፅ ለጤና ትምህርት ማዋሉ የሚያስመሰግን ነው። ይሁንና ምክሩን ወደ ጆሮ የሚያደርሰው መሣሪያ ራሱ ከማይታጠቡት ዕቃዎች አንዱ ነው፤ እጁን ታጥቦ የጨረሰ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያነሣውም እርሱኑ ነው።

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው ሞጆ የባቡር መሥመር ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ሞጆም በመሥመሩ ላይ ካሉት ጣቢያዎች አንዷ ሆነች። የስልክ ሥራ ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1894 እ.ኤ.አ.፣ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር በሚረዝም መሥመር ተጀምሮ ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ስልክ ማለት በአንድ ቦታ የተተከለ የጋራ መሣሪያ ነበር። ሰው ወደ ቴሌ መሥሪያ ቤት ሄዶ፣ ተራውን ጠብቆ፣ ከእርሱ በፊት ሌላው ሲናገርበት የቆየውን መነጋገሪያ ወደ አፉ ያስጠጋል።

ይህ ልማድ በሌላው ዓለም ብርቱ ሥጋት አስነሥቶ ነበር። የሳንባ ነቀርሳ ብዙ ሰው በሚገድልበት በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ፣ የሕዝብ ስልክ መነጋገሪያ በሽታውን ያስተላልፋል የሚለው ፍርሃት በብሪታንያ ተስፋፋ። የአገሪቱ ፖስታ ቤት ጉዳዩን እንዲመረምሩለት ዶክተር ስፒታ የተባሉ የባክቴሪያ ሊቅ ጠየቀ። ዶክተሩ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን የተነጋገሩባቸውን ስልኮች አጥበው እጣቢውን በጊኒ ፒጎች ላይ ሞከሩት፤ በ1912 እ.ኤ.አ. የቀረበው ውጤትም በሽታው በስልክ መነጋገሪያ ይተላለፋል ለማለት የሚያበቃ አልነበረም። እውነተኛው መንገድ በማያሻማ ሁኔታ የታየው ከአርባ ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው። ራይሊና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ባልቲሞር ከሕሙማን ክፍል የሚወጣውን አየር ብቻ እንዲተነፍሱ ያደረጓቸው ጊኒ ፒጎች በበሽታው ተያዙ። ስልኩ በሐሰት ተከሶ ነበር፤ ጥፋተኛው አየሩ ነው።

በእኛም አገር ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። በኅዳር 1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ካራቆተ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተጠረገ ይቃጠላል። ደጅን ማጽዳቱ መልካም ነው፤ በሽታው ግን በትንፋሽ የሚተላለፍ ኢንፍሉዌንዛ ስለነበር ጭሱ አያግደውም።

የእጅ ታሪክ ከዚህ ይለያል። ዘመልቫይስ በ1847 እ.ኤ.አ. በቪየና የወሊድ ክሊኒክ ሐኪሞች እጃቸውን በክሎሪን ውኃ እንዲታጠቡ ባዘዘ ጊዜ፣ በሚያዝያ ወር ከመቶ 18 ገደማ የነበረው የእናቶች ሞት በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 2 ገደማ ወረደ። እዚህ ላይ እጅ ያለ ሐሰት ተከሷል። ተንቀሳቃሽ ስልክ በ1991 ዓ.ም. ወደ አገራችን ሲገባና ኋላም በየገዋኑ ኪስ ሲቀመጥ፣ ስልክ የአፍ መሣሪያ መሆኑ ቀርቶ የእጅ ተቀጥያ ሆነ። የ1912ቱ ነጻ መውጣት ለዚህ አዲሱ ስልክ አያገለግልም።

በ2011 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ 12 ከተሞች በተደረገ ጥናት ከስድስት ስልኮች በአንዱ ላይ ከዓይነ ምድር የሚመጣ ባክቴሪያ ተገኝቷል። በምሥራቅ ኢትዮጵያ በ226 የጤና ባለሙያዎች ስልኮች ላይ ተደርጎ በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ደግሞ ከመቶ 94ቱ ባክቴሪያ እንደነበረባቸው አሳይቷል። ይህ ቁጥር ሲነበብ ጥንቃቄ ያሻል። ከተገኙት የሚበዙት በጤነኛ ቆዳ ላይ የሚኖሩት ኮአጉሌዝ ኔጌቲቭ ስታፊሎኮከስ ናቸው፤ በስልክ ላይ ባክቴሪያ መገኘቱም ወደ ሕመምተኛው ተላልፏል ማለት አይደለም። በኮሮናው ጊዜም ዕቃን ሁሉ ማጠብ ከበዛ በኋላ፣ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ2021 እ.ኤ.አ. የተበከለ ገጽን አንድ ጊዜ በመንካት የመያዝ ዕድሉ በጥቅሉ ከ10,000 ከአንድ እንደሚያንስ አስታውቋል።

ስታፊሎኮከስ ኦሪየስና አሲኔቶባክተር ግን እንደ ኮሮና አይደሉም። በደረቅ ገጽ ላይ ለወራት ሊቆዩ ይችላሉ፤ መንገዳቸውም በዋናነት እጅ ነው። ቁስል እያሸገች ያለች ነርስ ስልኳ ጠርቶ አንሥታ፣ ተነጋግራ ወደ ቁስሉ ስትመለስ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. መመሪያው ካስቀመጣቸው አምስት የእጅ ንጽሕና ጊዜያት አንዱ ሳይታወቅ ያልፋል። ጓንት ማድረጓ አይረዳም፤ ስልኩን ያነሣችው በዚያው ጓንት ከሆነ ይብስበታል። ከአልጋ ወደ አልጋ የሚዞረው የኦክስጅን መለኪያ፣ የስኳር መለኪያው፣ የካርድ ክፍሉ ኮምፒውተር ቁልፎችም በዚሁ ስሌት የሚታዩ ናቸው፤ እንዲያውም የጋራ በመሆናቸው ከግል ስልክ ይልቅ የቀድሞውን የቴሌ ስልክ ይመስላሉ።

አጠራረጉ ቀላል ነው። መሣሪያው ይጠፋል፤ ሽፋኑ ይወልቃል፤ 70 በመቶ አልኮል በነካ ለስላሳ ጨርቅ ፈሳሽ ወደ ቀዳዳዎቹ ሳይገባ ይጠረግና እስኪደርቅ ይቆያል። በረኪና ገጹን ይጎዳል። የተጠረገ ስልክ ባልታጠበ እጅ እንደተነካ ወደ ነበረበት ይመለሳልና፣ ቅደም ተከተሉ ስልክ መጀመሪያ፣ እጅ በመጨረሻ፣ ከዚያም ሕመምተኛው ነው።