የአንጀት ባክቴሪያዎች፣ የሐሞት አሲዶች እና የትልቁ አንጀት ካንሰር

የትልቁ አንጀትና የፊንጢጣ ካንሰር በዓለም በስርጭቱ ሦስተኛ፣ በሚያስከትለው ሞት ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ላይ የሚገኝ የካንሰር ዓይነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ ከ1.9 ሚሊዮን በላይ አዳዲስ ሕሙማን የተመዘገቡ ሲሆን፣ ከ930 ሺህ በላይ ሰዎች በዚሁ በሽታ ሕይወታቸው አልፏል። ካንሰሩ በአብዛኛው የሚጀምረው በአንጀት ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ከሚወጣ ፖሊፕ ከተባለ ትንሽ እባጭ ነው። እባጩ ወደ ካንሰር ለመለወጥ ብዙ ዓመታት ስለሚወስድ፣ በሽታውን ለመከላከልና ቀድሞ ለመለየት በቂ ጊዜ አለ።

የሐሞት አሲዶች ምንነት

ጉበት ከኮሌስትሮል የሐሞት አሲዶችን ያመርታል። ሐሞት በሐሞት ከረጢት ተጠራቅሞ ከቆየ በኋላ ቅባት ያለው ምግብ ሲበላ ወደ ትንሹ አንጀት ይፈስሳል፤ ሳሙና ዘይትን እንደሚበትነው ሁሉ ቅባቱን በመበተን እንዲፈጭ ያግዛል። ከዚያም 95 በመቶ ያህሉ የሐሞት አሲድ ተመጥጦ ወደ ጉበት ሲመለስ፣ ቀሪው 5 በመቶ ያህሉ ወደ ትልቁ አንጀት ያልፋል። ቅባት የበዛበት አመጋገብ ወደዚያ የሚያልፈውን መጠን ይጨምራል።

የባክቴሪያዎች ሚና

በትልቁ አንጀት ውስጥ በትሪሊዮን የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ፤ አብዛኞቹም ለጤና ጠቃሚ ናቸው። ከእነዚህ የተወሰኑት ወደ ትልቁ አንጀት የደረሰውን የሐሞት አሲድ ዲኦክሲኮሊክ እና ሊቶኮሊክ ወደሚባሉ አሲዶች ይለውጡታል። እነዚህ አሲዶች ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲገኙ የአንጀትን ሽፋን ያስቆጣሉ፣ የሕዋሳትንም ዘረመል ይጎዳሉ። የተጎዱትን ለመተካት ሕዋሳት በፍጥነት ሲራቡ ለካንሰር የሚዳርግ ስህተት የመፈጠር ዕድሉ ይጨምራል።

በሌላ በኩል ባክቴሪያዎች በጥራጥሬ፣ በእህልና በአትክልት ውስጥ የሚገኘውን አሰር (ፋይበር) በማብላላት ቡቲሬት የተባለ ንጥረ ነገር ያመርታሉ። ቡቲሬት ለትልቁ አንጀት ሕዋሳት ዋነኛ የኃይል ምንጭ ሲሆን፣ የአንጀትን መቆጣትም ይቀንሳል።

አመጋገብ ሲለወጥ የሚታየው ለውጥ

በ2015 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነ ጥናት 20 አፍሪካ አሜሪካውያን እና 20 የደቡብ አፍሪካ ገጠር ነዋሪዎች ለሁለት ሳምንታት አመጋገባቸውን ተለዋወጡ። አሰር የበዛበትና ቅባት ያነሰበት ምግብ በተመገቡት አሜሪካውያን ዘንድ ጎጂዎቹ የሐሞት አሲዶች በ70 በመቶ ሲቀንሱ፣ ቅባትና ሥጋ የበዛበት ምግብ በተመገቡት ደቡብ አፍሪካውያን ዘንድ በ400 በመቶ ጨመሩ። ጥናቱ የለካው የካንሰርን መከሰት ሳይሆን ከካንሰር ተጋላጭነት ጋር የተያያዙ ለውጦችን ነው፤ ሆኖም የአንጀት ሁኔታ በአጭር ጊዜ ሊለወጥ እንደሚችል አሳይቷል።

ተጋላጭነትን ለመቀነስ

• እንደ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና ጎመን ያሉ በጾም ወቅት የሚዘወተሩ ምግቦችን በፍስክም ጊዜ ማዘውተር፤
• ጮማና ቀይ ሥጋን መቀነስ፣ በፋብሪካ የተቀነባበረ ሥጋን በተቻለ መጠን መተው፤
• ከትንባሆና ከአልኮል መጠጥ መራቅ፣ አዘውትሮ የአካል እንቅስቃሴ ማድረግ፤
• የፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶችን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አለመውሰድ።

ወደ ጤና ተቋም መሄድ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

በሰገራ ላይ ደም መታየት፣ ከወትሮው የተለየና ያልተሻሻለ ተቅማጥ ወይም ድርቀት፣ የማያቋርጥ የሆድ ሕመም፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የክብደት መቀነስ ወይም የደም ማነስ ሲያጋጥም በአቅራቢያ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። በሰገራ ላይ የሚታይ ደም ብዙ ጊዜ «ኪንታሮት ነው» ተብሎ ይታለፋል። ነገር ግን ደሙ ከኪንታሮት ይሁን ከካንሰር ያለ ምርመራ መለየት ስለማይቻል፣ በቤት ውስጥ ሕክምና ጊዜ ማጥፋት አደገኛ ነው።

ጤና ጣቢያው እንደ አስፈላጊነቱ ታካሚውን ወደ ሆስፒታል ይልካል። በዚያም ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ በሚደረግ የኮሎኖስኮፒ ምርመራ ፖሊፕ ከተገኘ፣ ወደ ካንሰር ከመለወጡ በፊት ሊወገድ ይችላል። ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በላይ የሆኑና በቤተሰባቸው በሽታው የታየባቸው ሰዎች ምልክት ባይኖራቸውም ሐኪም ማማከር ይኖርባቸዋል። ጤናማ አመጋገብ ተጋላጭነትን ይቀንሳል እንጂ ምርመራን አይተካም።