ፒዩሪታኒዝም በእንግሊዝ

ፒዩሪታኒዝም በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ አገር የነበረ የፕሮቴስታንት ክርስትና እንቅስቃሴ ነው። ተከታዮቹ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ከሮማ ብትለይም ተሐድሶዋ ገና አልተፈጸመም ብለው ያምኑ ነበር። ስለዚህ የካህናት ልብሰ ተክህኖ፣ በጥምቀት ጊዜ ማማተብ እና የጋብቻ ቀለበት እንዲቀሩ ጠየቁ። «ፒዩሪታን» የሚለው ስም «ንጹሕ» ከሚል ቃል የወጣ ሲሆን በመጀመሪያ ስድብ ነበር።

ሰዎችን የሳበበት ምክንያት

ዛሬ ፒዩሪታን ሲባል ጭፈራና ቴአትር የሚጠላ ደረቅ ሰው ይታሰባል። እንቅስቃሴው ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን ያን ያህል ተከታይ ባላገኘ ነበር።

በዣን ካልቪን ትምህርት ማን እንደሚድን እግዚአብሔር አስቀድሞ ወስኗል፤ የሰው ሥራ ይህን አይለውጥም። ትምህርቱ ብዙዎችን አስጨንቋል። ነገር ግን የካምብሪጁ ሰባኪ ዊልያም ፐርኪንስ (1558–1602 እ.ኤ.አ.) እና መሰሎቹ አንድ ሰው ኅሊናውን ዘወትር ቢመረምር የመመረጡን ምልክት በውስጡ ሊያገኝ እንደሚችል አስተማሩ። በዚህም የተራ ሰው ሐዘንና ፈተና ትርጉም አገኘ። ለምሳሌ የለንደኑ እንጨት ሠራተኛ ነህምያ ዋሊንግተን (1598–1658 እ.ኤ.አ.) በወጣትነቱ በኃጢአቱ ተጨንቆ ራሱን ለማጥፋት ሞክሮ ነበር። በኋላ ግን ኃጢአቱን፣ የልጆቹን ሞትና የተደረገለትን ምሕረት በ50 ደብተሮች መዘገበ፤ ከነዚህም 7ቱ እስከ ዛሬ አሉ።

ሌላው ምክንያት ንባብ ነው። በ1560 እ.ኤ.አ. የታተመው የጄኔቫ መጽሐፍ ቅዱስ በቁጥር የተከፈለና በኅዳጉ ማብራሪያ ያለው ስለነበር የእጅ ባለሙያውም በቤቱ ከቤተሰቡ ጋር ያነበው ነበር።

የዶርቼስተር ከተማ

በ1613 እ.ኤ.አ. የዶርቼስተርን ከተማ እሳት ክፉኛ አቃጠላት። ቄሱ ጆን ዋይትና ተከታዮቹ እሳቱን የእግዚአብሔር ማስጠንቀቂያ አድርገው ወሰዱት። ከዚያ በኋላ ከተማዋ ለድሃ ልጆች ሥራ የሚማሩበት ቤት ከፈተች፤ ትርፉ ለድሆች የሚውል የቢራ መጥመቂያም አቋቋመች (ፒዩሪታኖች ቢራን ሳይሆን ስካርን ነበር የሚቃወሙት)። በአንጻሩ የሰከረ፣ የተሳደበና ከቤተ ክርስቲያን የቀረ ይቀጣ ነበር። ስለዚህ ለአንዱ ጎረቤት መጠለያ የሆነው ሥርዓት ለሌላው ቀንበር ነበር።

ዋይት በ1620ዎቹ ወደ ማሳቹሴትስ የሚደረገውን ስደት ካደራጁት አንዱ ነው። በእንግሊዝ ንጉሣዊው አገዛዝ በ1660 እ.ኤ.አ. ከተመለሰ በኋላ በ1662 የወጣውን ሕግ አንቀበልም ያሉ 2,000 ያህል ሰባኪዎች ከሥራቸው ተባረሩ።