የትኛው ሥራ ይቁም? የፕሮጀክት ስብስብ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ምርጫ ከሐይቅና ከአምባሰል ሲታይ

በደቡብ ወሎ፣ በሐይቅ ከተማ ቢሮ የከፈተ አንድ ሥራ ተቋራጭ እናስብ። ውጫሌ ላይ የመማሪያ ክፍሎች ይገነባል፤ በተሁለደሬ ገጠር የጠጠር መንገድ ጀምሯል፤ ከሐይቁ ዳር ደግሞ የራሱን ማረፊያ ቤት ያሠራል። ያለው ኤክስካቫተር አንድ ነው። ሦስቱ ሥራዎች ለየብቻ ሲታዩ የሚያዋጡ ናቸው፣ የጊዜ ሰሌዳቸውም ያሳምናል። አንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ሲሰፍሩ ግን ሦስቱም ኤክስካቫተሩን የሚፈልጉት በጥር፣ የበልግ ዝናብ ሳይጥል መሆኑ ይታያል። ባለቤቱ ይህን ያውቃል፤ የሚያውቀው ግን በልቡ ነው። ሒሳብ ሹሙ አያውቅም፣ የውጫሌው ፎርማንም አያውቅም። የፕሮጀክት ስብስብ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር፣ በሙያው አጠራር የፖርትፎሊዮ ሶፍትዌር፣ ገበያ የሚወጣው ይህን በአንድ ሰው ልብ የተቀመጠ ዕውቀት ሁሉ ወደሚያየው ሰሌዳ አወጣለሁ ብሎ ነው።

ቃሉ ከገንዘብ ገበያ የመጣ ነው። ሐሪ ማርኮዊትዝ እ.ኤ.አ. በ1952 ባሳተመው ጥናት አንድ አክሲዮን ብቻውን ሳይሆን ከሌሎቹ ጋር ባለው ግንኙነት መመዘን እንዳለበት አሳየ። ዋረን ማክፋርላን እ.ኤ.አ. በ1981 ያንኑ አስተሳሰብ ወደ ኮምፒውተር ሥራዎች አሻገረው፤ የአሜሪካው የፕሮጀክት ማኔጅመንት ተቋም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 ደረጃ አወጣለት። በሻጮች ማስታወቂያ የሚጠፋው የትምህርቱ ልብ ቀላል ነው፤ ፕሮጀክት ማስተዳደር የተጀመረውን መጨረስ ሲሆን፣ ስብስብ ማስተዳደር ግን የትኛው ይጀመር፣ የትኛው ይቆይ፣ የትኛው ይቁም ብሎ መወሰን ነው። ይህ ጽሑፍ የሚሟገተው የሶፍትዌር ምርጫ ከዚህ ሦስተኛ ጥያቄ መነሣት አለበት ብሎ ነው። ጀምሮ ማቆም የማይደፍር ድርጅት የገዛው ሰሌዳ የመዘግየቱን ታሪክ በቀለም ያስውብለታል እንጂ ሌላ አይጨምርለትም።

የአገራችን ልምድ ለዚህ በቂ ማስረጃ አለው። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ፣ ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም.፣ 10 አዳዲስ የስኳር ፋብሪካዎች ሊገነቡ ታቅዶ አብዛኞቹ በዕቅዱ ዘመን አልተጠናቀቁም። ለወሎ ሰው የሚቀርበው ግን የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ ባቡር መስመር ነው። 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመውን ይህን መስመር የቱርኩ ያፒ መርከዚ በ2007 ዓ.ም. መገንባት ጀመረ። ሐዲዱ ኮምቦልቻ ሲደርስ ባቡሩን የሚያንቀሳቅሰው የኤሌክትሪክ ኃይል አልደረሰም ነበር፤ ጥቂት ቆይቶም የሰሜኑ ጦርነት መጣና መሠረተ ልማቱን ለዘረፋና ለጉዳት ዳረገው። ሐዲዱ አንድ ፕሮጀክት ነው፣ የኃይል መስመሩ ሌላ። እያንዳንዱ በየራሱ ሪፖርት «በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛል» ሊባል ይችላል፤ የአንዱ መዘግየት ሌላውን እንደሚያስተኛ የሚያሳየው ሁለቱን አጣምሮ የያዘ መዝገብ ብቻ ነው። ፌዴራል መንግሥቱም ፕሮጀክቶች ሳይጠኑና ሳይገመገሙ በጀት እንዳይያዝላቸው አዋጅ ቁጥር 1210/2012ን ያወጣው ከዚህ መሰሉ ልምድ በኋላ ነው። እንግዲህ ሻጭ ማሳያ ሲያቀርብ የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህ ሥራ በሁለት ወር ቢዘገይ የትኞቹ ሌሎች ሥራዎች ይነካሉ?» የሚል ይሁን። መልሱ በማያ ገጹ ላይ ወዲያው ካልታየ የቀረበው የፕሮጀክት እንጂ የስብስብ መሣሪያ አይደለም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የዘመን አቆጣጠር ነው። የምርጫ መመዘኛዎች ብዙ ጊዜ በግርጌ የሚያስቀምጡትን ይህን ነጥብ እኔ ከላይ አኖረዋለሁ። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ተከፍቶ ሰኔ 30 ይዘጋል። የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ጳጉሜን ስለሚይዝ 95 ቀን ነው፤ በአራት ዓመት አንዴ 96 ይሆናል። ዓመቱን በጃንዋሪ ከፍቶ በእኩል ሦስት ሦስት ወር የሚከፍል ሶፍትዌር የሩብ ዓመት ሪፖርት ሲያወጣ ሒሳብ ሹሙ ቁጭ ብሎ በእጁ ያስተካክላል፤ በእጅ የተስተካከለ ሪፖርት ደግሞ ሶፍትዌሩ የተገዛበትን ምክንያት ያፈርሰዋል።

የሥራ ቀኑ ነገር ከዚህም ይብሳል። ከውጭ የሚመጣ ሶፍትዌር ሳምንቱን አምስት የሥራ ቀን ብሎ ይጀምራል። የአምባሰል የቀን ሠራተኛ ቅዳሜ ይሠራ ይሆናል፤ ነገር ግን በ12 ሚካኤል ነው፣ በ21 ማርያም ናት፣ ዓርብ ቀትር ላይ ጁምዓ አለ። በወሎ አንድ ሳይት ላይ ሁለቱም ሃይማኖቶች ስለሚገናኙ የሁለቱም ቀን ይከበራል። ኢድና መውሊድ በጨረቃ ስለሚቆጠሩ በየዓመቱ ቦታቸውን ይለውጣሉ፤ የረመዳን ወር የሥራ ሰዓት ያሳጥራል። በዚህ ላይ ብዙ የአገሪቱ አካባቢዎች አንድ የዝናብ ወቅት ብቻ ሲኖራቸው ደቡብ ወሎ ክረምትም በልግም አለው። ስለዚህ ገዢው የሚፈልገው ለየሳይቱ የተለያየ የሥራ ቀን ሰሌዳ የሚቀበልና ሰሌዳውን ፎርማኑ ራሱ ሊያርመው የሚችል መሣሪያ ነው። ይህን የሚያደርጉ አሉ፤ በማሳያ ላይ ግን ካልተጠየቀ የሚያሳይ የለም።

ግንኙነት ሌላው ነው። ጦርነቱ በ2014 ዓ.ም. መግቢያ ደቡብ ወሎ ሲደርስ ስልኩም መብራቱም ባንኩም ተቋረጠ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ነበር። መረጃው ሁሉ በሩቅ ሰርቨር ላይ ብቻ የሚቀመጥበትን አገልግሎት የገዛ ድርጅት በእንዲህ ያለ ጊዜ የራሱን መዝገብ ማንበብ ያቅተዋል። ሻጩ ራሱ ሱቁን ሊዘጋ እንደሚችልም መዘንጋት የለበትም፤ ማይክሮሶፍት ለዓመታት የሸጠውን ፕሮጀክት ኦንላይን የተባለ አገልግሎት እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 30 ቀን 2026 እንደሚያቋርጥ አስታውቋል። ታላቅ ስም ዋስትና አይደለም።

የሐይቅ ሰው ስለ መዝገብ ዕድሜ ከሩቅ ምሳሌ መፈለግ አያስፈልገውም። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን የተጻፈው ወንጌል የገዳሙን መጻሕፍት ዝርዝር አብሮ ይዟል። የንብረት መዝገቡን ወንጌሉ ላይ ማስፈር ትልቅ ብልሃት ነበር፤ ወንጌሉን የሚጥል የለምና ዝርዝሩም አብሮ ኖረ፣ ዛሬም ይነበባል። የእኛ ሶፍትዌር ሰባት መቶ ዓመት ይኑር የሚል የለም። ነገር ግን ሙሉ መዝገቡን በፈለጉት ቀን ወደ ተራ የኤክሴል ሠንጠረዥ አውጥቶ በፍላሽ መያዝ የማይፈቅድ መርሐ ግብር፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ፣ መገዛት የለበትም። እንደ ኦፕንፕሮጀክት ያሉ ክፍት ምንጭ መርሐ ግብሮች በድርጅቱ በራሱ ኮምፒውተር ላይ ተጭነው በቢሮው መረብ ስለሚሠሩ ለዚህ አካባቢ የተሻሉ ናቸው፤ የሚጭንና የሚጠግን ባለሙያ ደመወዝ ግን መታሰብ አለበት።

ዋጋን በተመለከተ ከአንድ ስሌት በላይ ማለት አያሻም። 10 ተጠቃሚዎች እያንዳንዳቸው በወር 20 ዶላር ቢከፍሉ ዓመታዊው 2,400 ዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላር 57 ብር ገደማ ስለነበር ይህ 137,000 ብር ያህል ነበር። ከዚያ በኋላ በታየው በ120 ብር ተመን ሲታሰብ ግን 288,000 ብር ይሆናል፤ አገልግሎቱ አንድ ቀለም ሳይጨመርበት።

እንግዲህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። በአንድ ጊዜ ከአምስት የማያንሱ ሥራዎች የሌሉት ድርጅት ምንም አይግዛ። ሥራዎቹን፣ የእያንዳንዱን ቀሪ ወጪ፣ የሚጋሩትን መሣሪያና ሰው በአንድ የኤክሴል ገጽ አስፍሮ በየሰኞው ይሰብሰብበት፤ ዓመት ሙሉ። ፕሪማቬራን የመሰለ ከባድ የፕሮጀክት ሶፍትዌር ለሦስት ሥራ መግዛት ለጎጆ የቤተ መንግሥት በር እንደ መግጠም ነው። በዓመቱ ውስጥ ስብሰባው አንድ ሥራ እንኳ አቁሞ ኤክስካቫተሩን ወደ ሌላው ካዞረ ያ ድርጅት ሶፍትዌር ይገባዋል። በዓመቱ ውስጥ አንድም ካላቆመ ችግሩ ያለው ከወንበሩ እንጂ ከኮምፒውተሩ አይደለም።

የሚገዛም ቢሆን ውሉን ሳያነብ አይፈርም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚሁ አምባሰል ውስጥ፣ ውጫሌ ላይ፣ በሁለት ቋንቋ የተጻፈ ውል ተፈርሟል። በአንቀጽ 17 የአማርኛው ቅጂ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች መንግሥታት ጋር ሲጻጻፉ በኢጣሊያ በኩል ማድረግ እንደሚችሉ ሲል፣ የጣሊያንኛው ግዴታ አደረገው፤ ጠቡ ዓድዋ ድረስ ሄደ። የሶፍትዌር ውል እንዲህ ያለ ዕዳ አይጭንም። ሆኖም የዓመት ክፍያው በራሱ ይታደሳል ወይስ በፈቃድ፣ ክፍያ ሲቋረጥ መረጃው ለስንት ቀን ይቆያል፣ ክርክር ቢነሣ የሚታየው በየትኛው አገር ፍርድ ቤት ነው የሚሉት አንቀጾች በእንግሊዝኛ ተጽፈው ይመጣሉ። የድርጅት ባለቤቶች ሆይ፣ እነዚህን ሦስቱን በአማርኛ አስጽፉ፤ ሁለቱ ቅጂዎች ሲለያዩ የትኛው እንደሚጸናም አስጽፉና ፈርሙ።