የዛፍ መኖ በአርሲ ነገሌ፤ ከግራር ፍሬ እስከ ሉኪኒያ

እንደሚታወቀው በአርሲ ነገሌ በጋው ሲጠና የከብቱ ዋና ቀለብ የስንዴ ገለባና የበቆሎ አገዳ ነው። ገለባ ሆድ ይሞላል እንጂ አያፋፋም። ፕሮቲኑ ብዙውን ጊዜ ከ5 በመቶ አያልፍም፤ በከብቱ ሆድ ውስጥ መኖውን የሚያብላሉት ጥቃቅን ተሕዋስያን ግን በአግባቡ ለመሥራት ቢያንስ 7 በመቶ ያህል ይሻሉ። በመሆኑም ላሚቱ ገለባ ጠግባ ወተቷ ይቀንሳል።

ይህን ጉድለት አባቶች ይሞሉ የነበረው በግራር ነው። በአብያታና በላንጋኖ ሐይቆች ዙሪያ ያለው ግራር፣ በማሳ መካከልም በኦሮምኛ ገርቢ የሚባለው ዛፍ፣ ፍሬያቸውን የሚሰጡት ሣር በጠፋበት በበጋ ነው። ገርቢማ ልዩ ነው፤ በክረምት ቅጠሉን አራግፎ ለሰብሉ ፀሐይ ይለቃል፣ በበጋ ለምልሞ ጥላና መኖ ይሆናል። የእነዚህ ዛፎች ፍሬ ከ10 በመቶ በላይ ፕሮቲን አለው። ጠንካራው ዘር ሳይፈጭ ከፋንድያ ጋር ስለሚወጣ ፍሬውን ወቅጦ ማብላት ይሻላል። ይሁን እንጂ ብዙው ግራር ለእርሻ ተመንጥሯል፤ ከሰል ሆኖም በአዲስ አበባና ሐዋሳ መንገድ ዳር በጆንያ ተሽጧል።

ከውጭ የመጡት ዛፎች ለገበሬው በሰፊው የተዋወቁት ዘግይቶ ነው። በ1960 ዓ.ም. በአሰላ ሥራ የጀመረው ካዱ የተሻሻሉ የወተት ላሞችን ሲያስተዋውቅ የመኖውን ጥያቄም አብሮ አነሣ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ አራተኛው የእንስሳት ልማት ፕሮጀክት ሉኪኒያን፣ ሰስባኒያንና የርግብ አተርን፣ ለደጋውም ትሪ ሉሰርንን ለጓሮና ለማሳ ዳርቻ ይዞ መጣ። የሉኪኒያና የሰስባኒያ ቅጠል ከ20 እስከ 25 በመቶ ፕሮቲን አለው፤ ከገለባ ጋር ጥቂቱ ብዙ ይረዳል።

ጣጣም ነበረው። ሉኪኒያ ሚሞሲን የተባለ መርዛማ ንጥረ ነገር ስላለው ያለ ልክ የበላ ከብት ፀጉሩ ይረግፋል፤ ስለዚህ ከጠቅላላው መኖ ከሢሶ በላይ ባይሆን ይመረጣል። ለጋውን ቡቃያ የሚመጥ ተባይም እ.ኤ.አ. በ1992 ምሥራቅ አፍሪካ ገብቶ ዛፉን አዳከመው። ብርድም አይወድም፤ ስለዚህ ከከተማው ይልቅ ለሐይቆቹ ዳር ቆላ ይስማማል። ከሁሉ የባሰው ግን ልቅ ግጦሽ ነው። አጨዳ ሲያልቅ ከብት በየማሳው ይለቀቃል፤ ለአንዱ የታደለውን ችግኝ የጎረቤቱ ፍየል ይጨርሰዋል።

የነገሌ አረቄም ከዚህ ታሪክ አይለይም። አተላው በሬ ያደልባል፤ ለማውጫው የሚነደው እንጨት ግን ከሙኔሳ ደን በአህያ ሲጋዝ ኖሯል። በአጥር ዳር የተተከለ ሰስባኒያ ቅጠሉ ለላም፣ ግንዱ ለማገዶ ይሆናል። እጅግ ዝቅ ተደርጎ ካልተቆረጠ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ዕድሜው አጭር በመሆኑ ግን በየጥቂት ዓመቱ መተካት አለበት። ችግኙ የሚተከለው የክረምቱ ዝናብ ሲጸና ነው፤ የመጀመሪያውን በጋ እስኪያልፍም ከከብት ይጠበቃል።