ኮሶ ትሉን ያስወጣ ነበር፤ ታዲያ አያቶቻችን ለምን በየሁለት ወሩ ይጠጡት ነበር?



ከወረታ፣ ከወንዛዬና ከፎገራ አካባቢ ወላጆች ደጋግሞ የሚመጣልኝ ጥያቄ አለ፦ «ዶክተር፣ ልጄ ከሰገራው ጋር ነጭ ነገር ይወጣዋል። ኮሶ ባጠጣው ምን ችግር አለው? አያቶቻችን ሲጠጡት ኖረው የለም ወይ?» «አይሆንም» ብዬ ብቻ ማለፍ እችል ነበር። ግን የኮሶ ታሪክ ራሱ መልሱን በደንብ ይነግረናል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኮሶ የደጋ ዛፍ ነው። የሚበቅለው በሜዳችን ሳይሆን ርብና ጉማራ እንደሚነሡበት እንደ ጉና ባለ ከፍተኛ ቦታ ነው። ዛፉ ወንድና ሴት አለው፤ ለመድኃኒት የሚፈለገው የሴቷ ቀላ ያለ አበባ ነው። አበባው ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ በውሃ ተበጥብጦ በባዶ ሆድ ይጠጣል። ትሉንም «ኮሶ» ብለን በዛፉ ስም መጥራታችን ሁለቱ ምን ያህል አብረው እንደኖሩ ያሳያል። መራራ ነገር ሲገጥመንም «እንደ ኮሶ መረረኝ» እንላለን።

ኮሶ በገበያ የሚሸጥ የዘወትር ዕቃ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ገና ካሳ ሳሉ ጠላቶቻቸው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሰድቧቸው ነበር። እንዲህ ብሎ የፎከረው ደጃዝማች ወንድይራድ ተሸንፎ ሲማረክ ካሳ ኮሶ አጠጡት ተብሎ ይተረካል። ቅጣቱ ቀልድ አልነበረም። ኮሶ የጠጣ ሰው ሆዱ ሲታመስ፣ ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው ይውላል፤ የዚያን ቀን ሥራ የለም፣ እንግዳ መቀበል የለም።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ሲገባ ይህን ልማድ አየ። በእምፍራዝ በኩል የጣናን ምሥራቃዊ ዳርቻ ይዞ ዛሬ ፎገራ በምንለው ሜዳም አልፏል። በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ የኮሶን ዛፍ ከነሥዕሉ ለአውሮፓ አስተዋወቀ። በ1822 ደግሞ በቁስጥንጥንያ፣ በዛሬዋ ኢስታንቡል፣ ይሠራ የነበረው ፈረንሳዊው ሐኪም ብራዬር ስለ ፈዋሽነቱ ጻፈ። ቆየት ብሎም ኮሶ በእንግሊዝ የመድኃኒት መጽሐፍ ውስጥ ገባ። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የእንግሊዞቹ አዘገጃጀት ዱቄቱ በፈላ ውሃ ተዘፍዝፎ ሳይጣራ እንዲጠጣ ያዝዝ ነበር። የእኛም እናቶች ከነአተላው ነበር የሚያጠጡት። ምክንያቱ ኬሚስትሪ ነው።

በአበባው ውስጥ ትሉን የሚያጠቁት ኮሲን፣ ኮሶቶክሲንና ፕሮቶኮሲን የተባሉ ንጥረ ነገሮች ናቸው። እነዚህ ፍሎሮግሉሲኖል ከሚባለው የኬሚካል ቤተሰብ ስለሆኑ በውሃ በደንብ አይሟሙም። ውሃው ተጣርቶ ብቻውን ቢጠጣ አብዛኛው መድኃኒት አተላው ውስጥ ይቀራል። በ1970ዎቹ የፊንላንድ ኬሚስቶች ባደረጉት ጥናት ደግሞ ኮሶቶክሲንና ፕሮቶኮሲን እያንዳንዳቸው የብዙ ተቀራራቢ ውህዶች ድብልቅ መሆናቸው ታወቀ። ስለዚህ በአንድ ጭብጥ ኮሶ ውስጥ ምን ያህል መድኃኒት እንዳለ በዓይን አይታወቅም። አበባው የሴት ይሁን የወንድ፣ ትኩስ ይሁን ከርሞ የዋለ፣ እንዴት እንደተወቀጠ፣ ሁሉም መጠኑን ይለውጠዋል።

ትሉን የሚያደክመው ንጥረ ነገር ሰውንም ሊጎዳ ይችላል። በ1969 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ ከኮሶ መመረዝ በኋላ የደረሰ የዓይን ጉዳት ተዘግቧል። ክብደቱ ገና 15 ኪሎ ያልሞላ ልጅ ለአዋቂ በተገመተ ጭብጥ ቢጠጣ ምን ሊደርስበት እንደሚችል አስቡት። ለነፍሰ ጡርም እንዲሁ አደገኛ ነው።

አሁን ወደ ርእሱ ጥያቄ እንመለስ። ኮሶ የሚሠራ ከሆነ ለምን በየሁለት ወሩ መጠጣት አስፈለገ?

አንደኛው ምክንያት የትሉ ጭንቅላት ነው። የኮሶ ትል በጥቃቅን መምጠጫዎቹ አንጀት ላይ ይጣበቃል፤ ርዝመቱ ብዙ ሜትር ይደርሳል። ኮሶ ረጅሙን አካል ሲያስወጣ ጭንቅላቱ ከቀረ ትሉ እንደገና ያድጋል፤ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜም ቁራጮቹ ከሰገራ ጋር መታየት ይጀምራሉ። የሁለት ወሩ ልማድ ከዚህ ጋር ይቀራረባል።

ሁለተኛው ምክንያት ከሆዳችን ውጭ፣ መስኩ ላይ ነው። ትሉ ያለበት ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ እንቁላሎቹ ሣር ላይ ይቀራሉ። በክረምት ርብና ጉማራ ሜዳውን ሲያጥለቀልቁ ደግሞ ከቦታ ቦታ ሊወሰዱ ይችላሉ። የፎገራ ከብት ያን ሣር ሲግጥ እንቁላሉ ከሥጋው ውስጥ ገብቶ ትንሽ ፊኛ ይሠራል። ሰው ያን ሥጋ ጥሬውን ሲበላ ትሉን እንደገና ይወስዳል። የትኛውም የኮሶ ጭብጥ ይህን ሰንሰለት አልቆረጠም። አያቶቻችን ትሉን ያስወጡ ነበር፤ በሚቀጥለው በዓል ግን ከጥሬ ሥጋው ጋር መልሰው ይውጡት ነበር።

እንግዲህ ለወላጆችና ለታካሚዎች የምመክረው ይህን ነው፦

1. ነጭ ነገር ሁሉ የኮሶ ትል አይደለም። ወስፋትና ሌሎች ትሎች መድኃኒታቸው ሊለይ ይችላል። የወጣውን ነገር በንጹሕ ዕቃ ይዛችሁ ጤና ጣቢያ አስመርምሩ።

2. የኮሶ ትል ከሆነ ፕራዚኳንተል ወይም ኒክሎሳማይድ አለ። መጠኑ በልጁ ክብደት ወይም ዕድሜ ይወሰናል፤ ብዙውን ጊዜም አንድ ጊዜ መውሰድ ይበቃል። በራሳችሁ ግምት ከመድኃኒት ቤት ገዝታችሁ አትስጡ።

3. ሥጋን በደንብ አብስሉ። ሚጥሚጣ፣ አዋዜ ወይም አረቄ ፊኛውን አይገድለውም፤ ሥጋውን ፍሪጅ ውስጥ ማሳደርም አይበቃም። ለልጆች ጥሬ ሥጋና ለብለብ ክትፎ አትስጡ።

4. ሁልጊዜ ሽንት ቤት ተጠቀሙ፤ ከብት ጠባቂ ልጆችንም አስተምሩ። የከብቶቻችሁ ጤና ከዚህ ይጀምራል።

5. ኮሶ የጠጣ ሰው ማስመለሱ ካላቆመ፣ ራሱን ከሳተ ወይም ዓይኑ ከደበዘዘበት ሳትዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ምን እንደጠጣና ምን ያህል እንደሆነ ለባለሙያው ንገሩ፤ ሐኪም አይቆጣችሁም።

ኮሶን ያገኙ አባቶችና እናቶች አስተዋይ ነበሩ። በጊዜያቸው ከነበረው የተሻለውን መርጠው ልጆቻቸውን አከሙ። እኛም በጊዜያችን ያለውን የተሻለ እንምረጥ።

ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ። ለጎረቤትና ለዘመድም አጋሩት።

ጤና ይብዛላችሁ!