ከሹመት ሥራ በተረፈ ሰዓት፦ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ብዕር



በየሰንበት ትምህርት ቤቱ አንድ የተለመደ ነገር አለ። ተማሪ ሳለ የግድግዳ መጽሔቱን የሚያዘጋጅ፣ ለበዓላት ጽሑፍ የሚያቀርብ፣ የአጥቢያውን ታሪክ ከአረጋውያን አፍ እየለቀመ በደብተር የሚይዝ ወጣት አይጠፋም። ያ ወጣት ይመረቃል፤ ሥራ ይይዛል፤ ከዚያም ብዕሩ ይደርቃል። ብትጠይቁት መልሱ አጭር ነው፦ «ጊዜ የለኝም።» ሐሰት አይደለም። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል በሥራ ገበታው የዋለ፣ ከዚያም በታክሲ ሰልፍ የቆመ ሰው እራቱን በልቶ ሲቀመጥ የሚታየው አልጋው እንጂ ደብተሩ አይደለም። ይሁን እንጂ ታሪኩን በልባቸው የያዙት አረጋውያን እኛ ጊዜ እስክናገኝ ድረስ አይቆዩንም። ዛሬ በግማሽ የቀረው ደብተር ነገ የሚሞላው ሰው ላያገኝ ይችላል።

ስለዚህ የሙሉ ቀን ሥራ እየሠሩ መጻፍ የሚቻል መሆን አለመሆኑን ከታሪክ ልንጠይቅ ወደድን።

ሩቅ ሳንሄድ ከምናውቀው እንጀምር። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን እየሰፋ ይኖር እንደ ነበር የሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 18 ይነግረናል። ለተሰሎንቄ ምእመናን በላከው መልእክትም በማንም ላይ ሸክም እንዳይሆን ሌሊትና ቀን በእጁ ይሠራ እንደ ነበር ራሱ ያስታውሳቸዋል። በቅዳሴ ጊዜ መልእክታቱ ሲነበቡ ስንሰማ የጸሐፊው እጅ በመርፌና በወፍራም ክር የሻከረ መሆኑ ትዝ የሚለን ስንቶቻችን ነን? ይህን በዚሁ እንተወው። ወደ እኛ ዘመን የሚቀርብ፣ የሥራው ዓይነትም ከቢሮ ሥራ ጋር የሚመሳሰል አንድ ሊቅ አሉና ወደ እርሳቸው እንለፍ።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የተወለዱት በሸዋ ክፍለ ሀገር በመርሐ ቤቴ ነው። ያደጉት በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሲሆን በእንጦጦ ራጉኤል ደብር ተምረዋል። ስማቸው ዛሬ በብዛት የሚነሣው በደራሲነታቸው ነው፤ ከሃያ የሚበልጡ መጻሕፍት ትተውልናልና። ነገር ግን በሕይወት ሳሉ «ሥራዎ ምንድን ነው?» ተብለው ቢጠየቁ «ደራሲ ነኝ» ብለው የሚመልሱ አይመስለኝም። መንግሥታቸውን በልዩ ልዩ ሹመት ሲያገለግሉ የኖሩ ሰው ነበሩ። በ1903 ዓ.ም. ለእንግሊዙ ንጉሥ ለጆርጅ አምስተኛ የዘውድ በዓል ወደ ሎንዶን ከተላኩት መልእክተኞች አንዱ ናቸው። የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሹም ሆነዋል፤ በ1911 ዓ.ም. ከመልእክተኞች ጋር እስከ አሜሪካ ተጉዘዋል፤ የውጭ ሀገር ሰዎችና ኢትዮጵያውያን የሚካሰሱበትን ልዩ ፍርድ ቤት በዳኝነት መርተዋል፤ በመጨረሻም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው እስከ ጠላት ወረራ ደርሰዋል።

እነዚህን ሹመቶች በአንድ ረድፍ፣ የመጻሕፍታቸውን የኅትመት ዘመን ደግሞ በሌላ ረድፍ አድርጋችሁ ብትጽፉ አንድ ነገር ታያላችሁ። ሁለቱ ረድፎች አይፈራረቁም። ከሹመት አርፈው የጻፉበት፣ ከጽሕፈት አርፈው የተሾሙበት የተለየ ዘመን አታገኙም። ከሎንዶን ጉዞ በኋላ በነበረው ዓመት፣ በ1904 ዓ.ም.፣ በኢትዮጵያ የሚገኙትን በግዕዝና በአማርኛ የተጻፉ መጻሕፍት የሚዘረዝር ካታሎግ አሳተሙ። ከሁሉም የሚደንቀው 1915 ዓ.ም. ነው። በዚያ በአንድ ዓመት ሦስት መጻሕፍት ወጥተውላቸዋል፦ «ወዳጄ ልቤ»፣ «የሕይወት ታሪክ»፣ እንዲሁም ልዕልት ወይዘሮ መነን (ኋላ እቴጌ የሆኑት) ወደ ኢየሩሳሌምና ወደ ምስር ያደረጉትን ጉዞ የሚተርክ መጽሐፍ። በምሳሌ የተጻፈ ልብ ወለድ፣ የታሪክ መዝገብና የጉዞ ማስታወሻ፤ ሦስቱም በጠባያቸው የተለያዩ ናቸው።

ይህ እንዴት ሆነ? እኔ የምሰጠው መልስ ከመጻሕፍቱ ከራሳቸው የተገኘ ነው። ኅሩይ ለመጻፍ ሌላ ሕይወት አልፈለጉም፤ ሥራቸው ያቀረበላቸውን ነገር ጻፉ። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. ወደ አውሮፓ ሲሄዱ አብረው እንዲጓዙ ታዘዙ፤ ከዚያ ጉዞ «ደስታና ክብር» የተባለው መጽሐፍ ወጣ። በ1924 ዓ.ም. የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ወደ ጃፓን ተላኩ፤ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለው መጽሐፋቸው የታተመበትም ዘመን ያው 1924 ዓ.ም. ነው። ልብ በሉ! ያን ጊዜ ከአዲስ አበባ እስከ ጃፓን የሚያደርስ የመንገደኛ አውሮፕላን አልነበረም። ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ በባቡር፣ ከዚያ ወዲያ ሳምንታት የሚፈጅ የመርከብ መንገድ ነው። ሌላው መልእክተኛ በዚያ መርከብ ላይ ባሕሩን እያየ ይሰለች ይሆናል። ለጸሐፊ ግን የመርከብ ወለል ማንም «ና ተፈለግህ» የማይልበት ጸጥ ያለ ክፍል ነው። የጉዞ መጽሐፍ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ የአቀማመጡን ቅደም ተከተል ጉዞው ራሱ ይሰጣል። ጸሐፊው በየቀኑ ያየውን በየቀኑ ከያዘ ሲመለስ የመጽሐፉ አጥንት ቆሞ ይጠብቀዋል።

«የሕይወት ታሪክ» የተባለው ደግሞ በኋላ ዘመን ለሚነሡ ልጆች ማስታወቂያ እንዲሆን የተዘጋጀ፣ የነገሥታትን፣ የመኳንንትን፣ የሊቃውንትንና የሌሎችን ታላላቅ ሰዎች ታሪክ በአጭር በአጭሩ የያዘ ነው። አንዳንዱ ሰው ከጥቂት መስመር የበለጠ አልደረሰውም። ነገር ግን ዛሬ የዚያን ዘመን ታሪክ የሚያጠና ሁሉ ይህን መጽሐፍ ሳይገልጥ አያልፍም። እንደ እኔ ግምት ለሥራ ሰው ከዚህ የተሻለ የአጻጻፍ ዓይነት የለም። አንድ ሰው፣ አንድ ማታ፣ አንድ አንቀጽ! ነገ ሥራ ቢበዛና ሳምንት ቢያልፍ ትናንት የተጻፈው አይበላሽም፤ ካቆሙበት መቀጠል ይቻላል። እስቲ አስቡት፤ በባንክ የምትሠራ እኅታችን በወር ሁለት ማታ ብቻ ብትመድብ፣ በየማታው ስለ አንድ የአጥቢያዋ አገልጋይ፣ ስለ ድጓ መምህሩ፣ ስለ ደወል ደዋዩ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሲታነጽ ድንጋይ ስላቀበሉት እናት አንድ ገጽ ብትጽፍ፣ በሁለት ዓመት አርባ ስምንት ሰዎች ከመረሳት ይድናሉ። ታላቅ የታሪክ መጽሐፍ እጽፋለሁ ብላ የዕረፍት ዓመት ብትጠብቅ ግን ምናልባት አንዱም አይጻፍም።

እዚህ ላይ ከእናንተ አንዳንዱ «ኧረ እርሳቸው ባለሥልጣን ነበሩ!» እንደሚል አውቃለሁ። እውነት ነው። ውኃ ቀድቶ፣ እንጨት ፈልጦ የሚያቀርብላቸው ሰው ነበራቸው፤ «ጎሐ ጽባሕ» የሚባል ማተሚያ ቤትም አቋቁመዋል። ከአልጋ ወራሹ ጋር የነበራቸው ቅርበት ለብዙ ጸሓፍት ያልተከፈተ በር ከፍቶላቸዋል። ይህን መካድ ታሪክን ማሳመር ይሆናል። በሌላ በኩል ግን የቤተ መንግሥት አገልግሎት የመግቢያና የመውጫ ሰዓት አልነበረውም፤ ሲጠሩ መድረስ ነው። ከዚህም ሌላ ከእርሳቸው ጋር የተሾሙ፣ አሽከርም ማዕረግም ያልጎደላቸው ብዙ መኳንንት ነበሩ። አብዛኞቹ አንድ ገጽ እንኳ አልተዉልንም። ስለዚህ ምቾት ብቻውን አያጽፍም ብንል ከእውነት አንርቅም።

ከጊዜ እጥረት ይልቅ የሚከብደኝ ሌላ ጥያቄ ነው። ሹመት ለጸሐፊ ርዕስ እንደሚሰጠው ሁሉ አንደበቱንም ያስረዋል። የኅሩይን የጉዞ መጻሕፍት ስታነብቡ የክብር አቀባበል፣ የግብር፣ የሽልማትና የምስጋና ነገር ሲደጋገም ታያላችሁ፤ ከመጋረጃው በስተ ጀርባ ስለ ነበረው ክርክር ግን ብዙ አይነገራችሁም። አንድ የመንግሥት መልእክተኛ ያየውን ሁሉ ሊጽፍ አይችልም። ታዲያ የልባቸውን የት አኖሩት? በእኔ አስተያየት በልብ ወለዱ ውስጥ ነው። በ1923 ዓ.ም. የብርሃኔንና የጽዮን ሞገሳን ጋብቻ በሚተርከው «የልብ አሳብ» ያለ ዕድሜ ጋብቻን ነቀፉ። በ1925 ዓ.ም. በወጣው «አዲስ ዓለም» ደግሞ አወቀ የሚባል ወጣት ፈረንሳይ ሀገር ተምሮ ሲመለስ ከዘመዶቹ ጋር በተዝካር ድግስና በሠርግ ልማድ ሲጋጭ እናያለን። የቤተ ክርስቲያን ልጅ የሆኑት ኅሩይ ሥርዓቱን ሳይንቁ፣ በሥርዓቱ ላይ የተደረበውን የከንቱ ውዳሴ ወጪ ለይተው ይወቅሳሉ። ሚኒስትሩ በአደባባይ ቢናገሩት ቁጣ የሚያስነሣውን ነገር አወቀ በመጽሐፍ ውስጥ ተናገረላቸው። ዛሬም በመሥሪያ ቤት ተቀጥሮ የሚጽፍ ሰው ይህ ችግር ያገኘዋል፤ የመሥሪያ ቤቱን ምስጢር መጠበቅ ግዴታው ነው፣ እውነትን አለማጣመምም እንዲሁ ግዴታው ነው። ኅሩይ ሁለቱን እንዴት እንዳስታረቁ ለማየት የጉዞ መጽሐፋቸውንና «አዲስ ዓለም»ን ጎን ለጎን ማንበብ ነው።

የሥራን ነገር ወደ መጽሐፍ የመለሱት እርሳቸው ብቻ አይደሉም። በሚኒስትርነት ያገለገሉት ባላምባራስ (ኋላ ብላቴን ጌታ) ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. «ዝክረ ነገር»ን አሳትመዋል። የግብሩን ዓይነት፣ የመሬት ሥሪቱን፣ የቤተ መንግሥቱን የሥራ ክፍልና የግብር አበላሉን ሥርዓት፣ ደብዳቤውንና ዐዋጁን የያዘ መጽሐፍ ነው። ለሌላው ባለሥልጣን በመዝገብ ቤት የሚቀመጥ ወረቀት የነበረው ለእርሳቸው የመጽሐፍ ምዕራፍ ሆነ።

አሁን የኅሩይን የመጨረሻ ዓመታት ተመልክተን እንፈጽም። በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር ሀገራችንን ሲወር ብላቴን ጌታ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ናቸው። ከዚያ የበለጠ ሥራ የበዛበት ወንበር በመንግሥቱ አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ከጄኔቭ ጋር ያለው ደብዳቤ ብቻ ምን ያህል እንደ ሆነ መገመት አያዳግትም። በዚያው ጊዜ ከንግሥተ ሳባ እስከ ታላቁ የአድዋ ድል የሚደርሰው የኢትዮጵያ ታሪካቸው በማተሚያ ቤት ነበር። ከቀደሙት አጫጭር መጻሕፍት በተለየ ይህ ሰፊ ሥራ ነው፤ የብዙ ዓመት ንባብና ጽሕፈት የተከማቸበት ነው። ለአንባቢ ሳይሠራጭ ጠላት አዲስ አበባ ገባ፤ የታተመውም ከጥቂት ቅጂዎች በቀር ጠፋ።

ኅሩይ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደዱ። በእንግሊዝ ሀገር ባዝ በምትባል ከተማ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በተቀመጡበት ፌርፊልድ በተባለው ቤት፣ መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም. ዐረፉ። የሀገራቸውን ነጻነት አላዩም፤ አፅማቸው ግን ኋላ ወደ ሀገራቸው ተመልሷል። ከጥፋት የተረፉት እነዚያ ጥቂት ቅጂዎችም ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ ቆይተው መጽሐፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደ ገና ታትሟል። በሰንበት ትምህርት ቤታችሁ ቤተ መጻሕፍት ካለ ጠይቁ፤ «ወዳጄ ልቤ»ን ደግሞ በአንድ ማታ ማንበብ ይቻላልና ከእርሷ ጀምሩ።